መሪጌታ ስም ያወጡላቸው አቋራጮች

ኮምፒውተር የተሠራው ኑሮን ለማቅለል ነው የሚሉ ሰዎች ወይ አማት የላቸውም፣ ወይ አማታቸው ቅኔ አልተማሩም። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ስላገኘሁ ነው ደፍሬ የምናገረው።

አማቴ መሪጌታ ይኄይስ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች አንዲት ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በቅርቡ የዓይናቸው ሞራ ተገፈፈላቸውና ሐኪሙ "ለጊዜው አቧራ እንዳይነካዎ፣ ደቃቅ ጽሑፍም አያንብቡ" ስላላቸው ማገገሚያቸው እኛ ቤት ሆነ። እኛ ቤት ስላችሁ እኔ ቤት ማለቴ ነው። ባለቤቴ ደሳለኝ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ የሚሠራው ደጀን ስለሆነ ቤቱን የሚያየው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። እኔ እዚሁ ማርቆስ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ።

እንግዲህ ማንበብ የተከለከለ ሊቅ ቀኑን ሙሉ ምን ይሥራ? መሪጌታ መጀመሪያ ግድግዳውን ሲያዩ ዋሉ። ግድግዳው ሲያልቅባቸው እኔን ማየት ጀመሩ። ወጥ ላይ ጨው ስጨምር "በዛ" ይሉኛል፣ በዚያ አንዱ በፋሻ በተሸፈነ ዓይናቸው። የተማሪ ደብተር ሳርም "ቀይ እስክሪብቶ አበዛሽ፣ ልጁ ይደነግጣል" ይሉኛል። ሲብስብኝ ላፕቶፔን አወጣሁ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ራስን መከላከል ነው።

ብራውዘሩ ሲከፈት በሚመጣው ባዶ ገጽ ላይ የሚወዷቸውን ድረ ገጾች በትልልቅ ምልክት ደረደርኩላቸው። ዝማሬ የሚሰሙበት፣ ዜና የሚያዳምጡበት፣ የአየር ጠባይ የሚያዩበት፣ ደግሞም ስለ ዓይን እንክብካቤ የሚያስረዳ አንድ ገጽ። አድራሻ መጻፍ የለ፣ መፈለግ የለ፣ አንዴ ጠቅ ነው። የእኔዎቹም እዚያው ከጎናቸው ነበሩ።

"ይሄ ምን ይባላል?" አሉኝ።

"አቋራጭ ይባላል አባባ።"

"ወዴት የሚያቋርጥ?"

"ወደሚፈልጉት ገጽ።"

"ስሙ ግን በፈረንጅ አፍ ነው የተጻፈው።"

"ይቀየራል። በቀኝ በኩል ያለውን ይጫኑና አዲስ ስም መጻፍ ነው።"

ይህቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ባልናገር ኖሮ ዛሬ ምንም የምጽፍላችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

ፊደሉን አጉልቼ የአማርኛ አጻጻፉን አሳየኋቸው። ከእኔ ተማሪዎች ይልቅ ፈጥነው ያዙት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮምፒውተሩ ላይ የማውቀው ስም አንድም የለም። የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የእኔም አቋራጮች በሙሉ ክርስትና ተነሥተዋል።

ከጓደኞቼ ጋር የምገናኝበት ማኅበራዊ ገጽ "ባቢሎን" ሆኗል።

"አባባ፣ ይሄን ለምን ባቢሎን አሉት?"

"ሁሉም ይናገራል፣ የሚሰማ የለም።"

ቪዲዮ የማይበት ደግሞ "ዓሣ አንበሪ" ተብሏል።

"ይሄስ?"

"ትናንት ገብተሽ መቼ ወጣሽ?"

የአየር ጠባዩ "ኖኅ" ሆኗል። መፈለጊያው "ቶማስ" ነው፤ ምክንያቱም ሲጠይቅ ነው የሚውለው። እውነቱን ለመናገር ደስ ነው ያለኝ። በማግሥቱ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ለባልደረቦቼ እያወራሁ ስንስቅ ሻያችን ቀዘቀዘ። የቀሩትን ስሞች ሌላ ቀን እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ሌላ ቀን የተባለው ሳይመጣ የደሳለኝ ስልክ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሳለኝ ከተጋባን ጀምሮ ወደ ማርቆስ ዝውውር ይጠይቃል። ዓመት በመጣ ቁጥር ይጠይቃል፣ ዓመት በመጣ ቁጥር ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እኔ የቅዳሜና እሁድ ትዳር ሰልችቶኛል። ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ተራ ድረስ ሸኝቼው ስመለስ ባሌን የሸኘሁ ሳይሆን እንግዳ ያሰናበትኩ ይመስለኛል። ዘንድሮ መሥሪያ ቤታቸው ጥያቄው በኢንተርኔት ይሁን ስላለ ደሳለኝ የገጹን አድራሻ አምጥቶልኝ፣ እኔም አቋራጭ አድርጌ አስቀምጬው ነበር።

"ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል አሉ" አለኝ በስልክ። "እዚህ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ስልኬም ሊዘጋብኝ ነው። አንቺ ጋ ሁሉም አለ አይደል?"

"አለ። አንዴ ጠቅ ማድረግ ነው" አልኩት። አነጋገሬ ላይ ትንሽ ኩራት ነበረበት።

ስልኩ ተቋረጠ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ዝማሬውን ሁልጊዜ ሲከፍቱት ስለማይ አውቀዋለሁ፤ የስማቸውን ትርጉም ያልጠየቅኳቸው ሦስት አቋራጮች ቀርተዋል፤ "ዘኬዎስ"፣ "ሰሊሆም" እና "መጻጉዕ"። ዘኬዎስን ብከፍተው ዜና ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ዛፍ ላይ ወጥቶ ያይ አልነበር፤ ገባኝ። መጻጉዕ በሽተኛ መሆኑን ማንም ያውቃል። ስለዚህ እሱ የዓይን እንክብካቤው ገጽ ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ቶሎ ቶሎ ሲገባኝ ቅኔ ቤት ብገባ ኖሮ የት እደርስ ነበር እያልኩ ሰሊሆምን ጠቅ አደረግኩ።

ክቡ መሽከርከር ጀመረ። ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ አይከፈትም። ደግሜ ጠቅ አደረግኩ። በቃ፣ የመጨረሻው ቀን ስለሆነ አገሩ ሁሉ ገጹ ላይ ተጋፍቷል ብዬ ደመደምኩ። ቶማስን ብጠይቀው የአምናውን ማስታወቂያ አወጣልኝ። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ብደውልላቸው ስልካቸው ከሳሎን ጠራ፤ ትራስ ላይ ትተውት ነው የሄዱት። ደሳለኝ ጋ ብደውል ዝግ ነው። አሥር ሰዓት አለፈ። ሰሊሆም አሁንም ይሽከረከራል፣ የእኔም ራስ አብሮ መሽከርከር ጀምሯል።

ምናልባት ስሙን ሲቀይሩ የነካኩት ነገር ይኖራል ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ባጃጅ ያዝኩ።

መሪጌታ ቅጥር ግቢው ውስጥ ከሁለት አዛውንት ካህናት ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እጅ ነሥቼ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ "አባባ፣ ሰሊሆም አልከፈት አለኝ። የደሳለኝ ዝውውር ሊያልፍ ነው" አልኳቸው።

"ሰሊሆምን ምን ልታደርጊያት? እሷ የኔ የዓይን ገጽ ናት።"

"የዓይን?"

"ዕውሩ የታጠበው የት ነው ታዲያ?"

"የዝውውሩ የትኛው ነው?"

"እስቲ አስቢ።"

"አባባ፣ ባጃጁ እየጠበቀኝ ነው።"

ፊታቸውን ወደ ባልንጀሮቻቸው መለሱ። "እስቲ እናንተ ፍረዱ። ከውኃው ዳር ተኝቶ ዓመት ከዓመት ተራውን የሚጠብቅ፣ እገባለሁ ሲል ሌላው ቀድሞት የሚገባ፣ እሱ ማነው?"

"መጻጉዕ" አሉ ሁለቱም።

"ሳይገባ ለምን ቀረ?"

"ሰው የለኝም አለ።"

"የኔስ ልጅ ይሄን ሁሉ ዓመት ዝውውር ያላገኘው ለምንድን ነው?"

ከካህናቱ አንደኛው በዝግታ መሳቅ ጀመሩ። "ሰው የለውማ" አሉ። "ቢሮው ውስጥ ሰው የለውማ።" ሌላኛው ጭራቸውን ጣል አድርገው እንባቸውን ጠረጉ። እንደ ቅኔ ጉባኤ "ይበል" ተባባሉ። እኔ ብቻ ቆሜያለሁ። ባሌ በሰም ተጠቅልሎ ኮምፒውተሬ ውስጥ ከርሞ፣ እኔ በሽተኛ መስሎኝ ነበር ያለፍኩት። መሳቅ አማረኝ፣ ግን ሰዓት አልነበረኝም።

"አባባ፣ ሲመለሱ ተጣልተናል" ብያቸው ወደ ባጃጁ ሮጥኩ።

መጻጉዕን ጠቅ ሳደርገው ያለ አንዳች ችግር ተከፈተ። አገሩ ሁሉ የተጋፋበት ያልኩት ገጽ ላይ ማንም ያለ አይመስልም። የሚሞላውን ሞላሁ፣ ላክሁ፣ "ጥያቄዎ ደርሶናል" የሚል መልስ መጣልኝ። አሥራ አንድ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። መሪጌታ ማታ ሲመለሱ ልጣላቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ከደጅ ገና ሲገቡ "ዳነ?" ብለው ሲጠይቁኝ ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ሰማሁ። ልጃቸው ነውና። ጥሉን ተውኩት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምላሹ መጣ። ማርቆስ አልሆነም፣ አምበር ሆነ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ደሳለኝ ግን "አምበርን ምን አልሻት? ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ማታ ቤቴ ነኝ" አለኝ። ይህቺን "ማታ ቤቴ ነኝ" የምትል ቃል ሳስባት እኔም አምበርን ወደድኳት።

ቅዳሜ ደጀን የተከራየውን ክፍል ለቆ መጣ። ሚኒባሱ አስፋልቱ ዳር አወረደው፣ ቀሪዋን ኮረኮንች ባጃጁ ከነዕቃው አልገባም አለ። እኔና መሪጌታ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ደሳለኝ አልጋውን በትከሻው ተሸክሞ በመንገዱ ብቅ አለ። ያ መጻጉዕ የሚሉት በሽተኛ ሲድን የተኛበትን አልጋ ተሸክሞ ነበር የሄደው። መሪጌታ በዚያ በጠራው ዓይናቸው ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። በዚህኛው ማንም እንዲያስረዳኝ አልጠበቅኩም። ደሳለኝ ከነአልጋው ደጃፉ ላይ ቆሞ "እኔ ጀርባዬ ተሰብሯል፣ እናንተን ምን ያስቃችኋል?" ይላል።

አልጋውን መሪጌታ ሶፋ ላይ ሲያድሩ የከረሙበት ሳሎን ውስጥ ዘረጋንላቸው። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ደሳለኝ "አባባ፣ ሐኪሙ ጨርሰዋል፣ አገርዎ መግባት ይችላሉ ብሎዎት የለም?" አላቸው።

"ጨርሰዋል ያለው ስለ ዓይኔ ነው" አሉት። "ስለ አልጋው ምንም አላለኝም።"