አቶ ያርጋል በግራ ጉልበታቸው ምክንያት ወደ ራጅ ቤት የዘመቱት ዘመቻ

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ አብዮቱ በፈነዳ በአሥረኛው፣ የአቶ ያርጋል ሻረው ግራ ጉልበት ሲጥ ሲጥ ማለት በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኀ ጥር፣ የደባርቁ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የአቤቱታ አባት፣ የካርቦን ወረቀት ጌታ፣ ተቀምጠው የሚያሸንፉ ቆመው የሚያቃስቱ አቶ ያርጋል በጠላቶቻቸው ላይ ተነሡ። ለመነሣትም የበሩን መቃን ይዘው ሁለት ጊዜ ሞከሩ። የዚህ ታሪክ ጸሐፊና የታሪኩ ባለቤት አንድ ሰው ስለሆኑ፣ ውዳሴው ከልክ ቢያልፍ አንባቢ ይቅር ይበል፤ ሌላ የሚያወድሳቸው አልተገኘም።

የጠቡም ምክንያት እንዲህ ነበር። ከቡይት ራስ በታች ባለው ዳገት ላይ የእርከን ሥራ በታዘዘ ጊዜ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ክንዴ ሕዝቡን በደወል ሰብስበው፣ «ከየቤቱ አንድ ሰው ወጥቶ ድንጋይ ይሸከም። የታመመ የሐኪም ወረቀት ያምጣና በፈንታው የቤቱ ሌላ ሰው ይውጣ። ከአንድ ቤት ሁለት ወረቀት አንቀበልም። አመመኝ እያለ ጥላ ሥር የሚውል ሁሉ አድኃሪ ነው» ሲሉ አወጁ፤ ይህንም ሲሉ ዓይናቸውን ከአቶ ያርጋል ላይ አላነሡም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ድንጋዩን የተሸከመችው ሚስታቸው ስንቅነሽ ነበረችና፣ ሰፈርተኛው «የያርጋል ጉልበት የሚያመው ደወል ሲሰማ ነው» ይል ጀመር። አቶ ያርጋልም በዚህ ነገር እንቅልፍ አጡ። ውሸታም አለመሆናቸውን አጥንታቸው ራሱ እንዲመሰክርላቸው፣ ጎንደር ወርደው ራጅ ሊነሡ ቆረጡ።

ሠራዊታቸውም ይህ ነው፦ በግራ የወይራ ከዘራ፣ በቀኝ ስንቅነሽ፤ በስንቅነሽ ጀርባ ብርድ ልብስ፣ በእጇ አገልግል፣ በጉያዋ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት፤ ደጀኑም የእህል መኪናው ሾፌር ላቀው፣ አቶ ያርጋልን ከኋላ እየገፋ ከጭነቱ ላይ የሰቀላቸው። በታማሚው ጉልበት ላይ ደግሞ አንድ የመካነ ብርሃን ደብተራ የጻፈው፣ በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ ታስሮ ነበር፤ ለአርባ ቀን መሬት እንዳይነካ ተብሏል። ዳባት ኬላ ላይ ተሳፋሪ ሁሉ ይውረድ በተባለ ጊዜ፣ ሌላው ወርዶ፣ ተፈትሾ፣ ተመልሶ ሲሳፈር፣ አቶ ያርጋል ገና አንድ እግራቸውን እያወረዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕመሙን በጀግንነት ቻሉት ብለን ልንጽፍ ወደን ነበር፤ ነገር ግን እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ አቃሰቱ።

ከራጅ ቤትም በገቡ ጊዜ ራጅ አንሺው፣ «ክታቡን ይፍቱና በሁለት እግርዎ እኩል ረግጠው ይቁሙ» ሲል አዘዘ። ጠረጴዛ ላይ እንዳይቀመጥ ወድቆ መሬት ሊነካ ነው፤ በአንገት እንዳይታሰር ለአንገት አልተጻፈም። አቶ ያርጋል ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «ለጉልበት የተጻፈ ከጉልበት አይለይም፤ እኔ እስክመለስ ስንቅነሽ በራሷ ጉልበት ላይ አስራ ታቆየው» ብለው አወጁ። እሷም ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አሰረችው። ልትነሣ ስትል ግን አልቻለችም። ግድግዳውን ያዘች፣ ሞከረች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። አቶ ያርጋል በገዛ አካላቸው የሚያውቁትን ነገር በሚስታቸው ላይ አዩ። ወይዘሮ ስንቅነሽም ከወለሉ ላይ ሆና እንዲህ ስትል አወጀች፦ «እኔንም ካመመኝ አራት ዓመቴ ነው። ለአንድ ቤት አንድ የሚያቃስት ይበቃል ብዬ ዝም አልሁ።»

ስለዚህ ከዚህ መስመር ጀምሮ የእርሳቸውነት ማዕረግ ከያርጋል ተነሥቶ ለወይዘሮ ስንቅነሽ ተሰጠ።

ሐኪሙ የሁለቱም ጉልበት ራጅ እንዲነሣ አደረገ። ፊልሞቹን መስኮቱ ላይ ለጥፎም፣ «የአቶ ያርጋል በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠቧል፤ የወይዘሮዋ ግን አልቋል፤ እህል እንዳለቀበት ወፍጮ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። ይህ እንዳይብስ ይጠበቃል እንጂ አይድንም። ሸክም ይቅርባችሁ። በዓመቱ ተመለሱና ከዛሬው ፊልም ጋር እናስተያየዋለን» ብሎ ሁለት ወረቀት ጻፈላቸው።

ያርጋል ሁለቱን ወረቀት በጉያው ይዞ ተመለሰ፤ ቀበሌው ግን የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው። የራሱን ቢያሳይ ስሙ ከሐሜት ይጠራል፣ ድንጋዩን የሚሸከሙት ግን ወይዘሮ ስንቅነሽ ናቸው። ከጎንደር እስከ ዳባት የራሱን ሊያሳይ አስቦ እንደ ነበር አልደበቅንም። ከዳባት ወዲህ ወይዘሮ ስንቅነሽ ከጆንያው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ተኝተውም ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነበር። አፈረ።

በማግስቱ በስብሰባው መካከል ቆሞ፣ ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንሥቶ፣ «ይህ የወይዘሮ ስንቅነሽ ጉልበት ነው። ሁለት ሳምንት ድንጋይ ሲሸከሙበት ያያችሁት ይህንን ነው። ከነገ ጀምሮ ከቤታችን የምወጣው እኔ ነኝ» ሲል አወጀ። አቶ ክንዴ ፊልሙን ገልብጠው አዩ፣ ወረቀቱን አነበቡ፣ ማኅተም መቱበት። ሰፈርተኛውም፣ «አላልንም? እሱስ ድሮም ደህና ነበር» አለ። የያርጋል ፊልም ከፍራሹ ሥር ቀረ፤ እሱም እስከ መጋቢት መጨረሻ ድንጋይ ተሸከመ፤ ትናንሾቹን።

በዓመቱ ሁለቱም ጎንደር ወረዱ። ሐኪሙ አሮጌውንና አዲሱን ፊልም ጎን ለጎን ሰቅሎ፣ የያርጋል ክፍተት ይበልጥ እንደ ጠበበና በአጥንቱ ጠርዝ ላይ እሾህ የመሰለ ነገር እንደ በቀለ፣ የወይዘሮዋ ግን ባለበት እንደ ቆመ አሳወቀ። ያርጋልም ሳቀ። ሐኪሙ ነገሩ ያልገባው መስሎት ደገመለት፤ ያርጋልም የእርሳቸውን ለሦስተኛ ጊዜ እንዲነግረው ለመነ።

ክብር ለወይዘሮ ስንቅነሽ፣ አራት ዓመት ሳያቃስቱ ለቆሙት፣ የሰው ከዘራ ሆነው የራሳቸውን ላልፈለጉት። ለያርጋልም በማመልከቻ ካሸነፋቸው ሁሉ ይልቅ የሚመካባት አንዲት ድል ተጻፈችለት፦ የእርሳቸው ጉልበት በዓመቱ አልባሰም።