ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ሰብሳቢም

«በሕግ አምላክ» ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። እኛ ጎጃሞች ደግሞ ይህን ቃል ለመጥራት አንሰንፍም፤ ድንበር ተገፋ፣ በግ ቡቃያ ገባ፣ ብቻ ፖሊስ ይጠራ። ፖሊሱም ይመጣል። እኔን ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል፤ ፖሊሱ ራሱ በአለቃው ሲገፋ ማንን ይጠራል? ሌላ ፖሊስ እንዳትሉኝ።

መልሱን ያገኘሁት ከኮንስታብል ጥሩዬ ነው። ሮብ ገበያ ከምትባል ገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ ስትማር አማርኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። እሷ የተመደበችው ስሟን በማልነግራችሁ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር።

እዚያ ጣቢያ አንድ የዲማ የቅኔ መምህር በድንበር ክርክር ታሰሩ። ተከራካሪያቸው፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ የጣቢያው አዛዥ የሆነ የአንድ ኢንስፔክተር አማች ነው። አርባ ስምንት ሰዓት ቢያልፍም የኔታን ፍርድ ቤት የሚያቀርባቸው ጠፋ። ተረኛዋ ጥሩዬ በዕለት መዝገቡ ላይ «የተጠርጣሪው ጊዜ አልፏል፤ ፍርድ ቤት አልቀረቡም» ብላ ጻፈች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ሰኞ የኔታ ተፈቱ፤ ማክሰኞ ጥሩዬ ተከሰሰች።

ክሱ የበላይ ኃላፊን ስም ማጉደፍ፣ ቅጣቱ እስከ ስንብት የሚያደርስ ነው። መመሪያው ወኪል ስለሚፈቅድላት ባልደረቦቿን ለመነች። አንዱ የአማቱ ተዝካር ሆነበት። ሌላው «እንደምወድሽ ታውቂያለሽ» አላት፤ መውደዱን ግን ከሩቅ አደረገው። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣች።

«መምህር፣ እርስዎ አለቃ የለብዎትም» አለችኝ።

ጡረታ እንዲህ ያለ ማዕረግ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የዲሲፕሊን ጉባኤው በተሰየመ ዕለት ኢንስፔክተሩ መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ክሱን አነበበ። ቀጥሎ ራሱ መሰከረ። ከዚያ በሰብሳቢነቱ፣ ምስክሩ የታመነ ሰው መሆኑን ለጉባኤው አረጋገጠ። ልናገር ብነሳ፣ ወኪል መገኘት እንጂ መናገር አይችልም ብሎ አስቀመጠኝ። ዕድሜ ልኬን ልጆችን ዝም በሉ ስል የኖርኩ ሰው፣ ብድሬን ተቀበልኩ። ጥሩዬ ግን «የጻፍኩት ውሸት ከሆነ ያሳዩኝ» አለች። ያሳያት የለም። አሰናበቷት።

ዩኒፎርሟን አጣጥፋ አስረከበች። ለአባቷ መናገር ስላልቻለች ዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ ብላ ሮብ ገበያ ገብስ ስታጭድ ሰነበተች።

ይግባኝ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! የሚቀርበው ግን በቅርብ ኃላፊ በኩል ነው፤ ማለትም በዚያው በኢንስፔክተሩ። እሱም ማኅተም ያዡ የለም፣ ነገ ተመለሽ እያለ ቀነ ገደቡን ሊያሳልፍባት ሞከረ። ሁለት ቀን ሲቀር ማመልከቻውን ይዘን በቀጥታ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ሄድን። ወሬው ዲማ ደርሶ ኖሮ የኔታም መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ልመስክር ያሉ እሳቸው ብቻ ናቸው።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በኃላፊሽ በኩል ላኪ ብላ መለሰችን። ደጁ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ አዛውንት መኮንን ሲያልፍ የኔታን አየና ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ምን እግር እንደጣላቸውም ጠየቀ። ሕጉ ያልከፈተውን በር ጥምጥም ከፈተው።

መኮንኑ ቃለ ጉባኤውን አስመጥቶ ሲያየው ከሳሽ በሚለው ሥር፣ ምስክር በሚለው ሥር፣ ሰብሳቢ በሚለው ሥር አንድ ፊርማ ነው።

«ይህ ሰው በተከሳሽ ቦታም ፈርሞ ቢሆን እኛም ባልደከምን ነበር» አለ።

ስንብቱ ተሻረ፤ ጥሩዬም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኢንስፔክተሩስ? ተቀጣ እንዳትሉኝ። ልምድ አለው ተብሎ ስለ ዲሲፕሊን ክስ አካሄድ ለኮንስታብሎች ሥልጠና እንዲሰጥ ተመደበ። በቀደም ጥሩዬን አሠልጥኗታል። ወኪል መናገር ይችላል ወይ ብላ ብትጠይቀው፣ መብቱ ነው፣ ይህን የማያውቅ ኃላፊ ካለ ያሳፍራል ብሎ እንደመለሰላት አጫወተችኝ።

«አንቺስ ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«አጨበጨብኩ» አለችኝ።

«ብቻሽን?»

«ኧረ ሁላችንም፤ እሱም ጭምር።»