ባሕሩን «ባሕር» ያለው ኤሊያድ

በየቤተ ዘመዱ አንድ አስረጂ አይጠፋም፤ ከቤት ካልተወለደ በጋብቻ ይመጣል። የእኛው ሊቀ ማብራሪያ ኤሊያድ ነው። ባለፈው ሐሙስ እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ መሀል ከተማ፣ አደባባዩ ላይ ድንገት አገኘሁት። ገና ሰላም ሳልለው፣ «የተቀመጥክበት ላይ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመጣብሃል» አለኝ።

«ማን ጠየቀህ?»

«ለማያውቅ ሰው ነው'ኮ!»

ይህችን ቃል ሳይናገር ውሎ አያውቅም።

ሥራው ድረ ገጽ መንደፍ ነው። የማውሱ ቀስት ሲያርፍ ብቅ የሚሉ ትንንሽ የማብራሪያ ሳጥኖች አሉ አይደል? እንደ ጨው ነው የሚነሰንሳቸው። ለሽማግሌዎቻችን ማኅበር በነጻ የሠራውን ገጽ ብታዩ፣ «ስም» ላይ «ስምዎን ይጻፉ»፣ «ላክ» ላይ «ይህ ይልካል» ይላል። የናታንያ ባሕር ፎቶ ላይ እንኳ «ባሕር» ብሏል። ሠላሳ ዓመት ያየነውን ባሕር!

እያወራን ሳለ የማኅበሩን አባል እትዬ ይርገዱን ከማዶ ወንበር ላይ አየናቸው። ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሌባ ጣታቸውን ከመስተዋቱ በላይ አየር ላይ አንጠልጥለዋል።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

«ዝም በል፣ እየጠበቅሁ ነው! ለስግድ በዓል ኢየሩሳሌም ለሚሄደው አውቶቡስ በማኅበራችን ገጽ የሚደረገው ምዝገባ ቀትር ላይ ይዘጋል። ሦስት ጊዜ ሞላሁ፤ ሦስት ጊዜ 'አልተሟላም' አለኝ። 'ምልክቱን ሳይጫኑ በላዩ ያንዣብቡ' ይላል። ይኸው እንደ ጭልፊት አንዣበብሁ። እጄ ዛለ እንጂ ምንም አልወጣ።»

እትዬ ፊደል የቆጠሩት ከስልሳ ዓመታቸው በኋላ ነው። ቅጹን በራሳቸው እጅ ካልሞሉ ሞቴ ነው ይላሉ።

የኤሊያድ ፊት ዐመድ መሰለ። «ስልክ ላይ... ቀስት የለም።»

«ሳጥኑ ውስጥ ምን ብለህ ነበር?» አልኩት።

«የሚሳፈሩበትን ፌርማታ ካልጻፉ አይቀበልም።»

«ዋናውን ደብቀህ ባሕሩን 'ባሕር' አልከን?»

ለቀትር ሃያ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። «ሬጋ፣ ሬጋ! አንዴ ይጠብቁኝ!» እያለ ላፕቶፑን አወጣና ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ደመሰሰ። «ባሕር» የምትለዋን ግን መጨረሻ ላይ ነው ያጠፋት። የፌርማታውን ነገር በትልቅ ፊደል ሜዳ ላይ አወጣው። የማራት አንዲት ማብራሪያ ብቻ ናት፤ የመታወቂያ ቁጥር ከየት እንደሚነበብ የምታሳየዋን። እሷም በጣት ስትነካ እንድትከፈት አደረጋት።

ከዚያ ስልካቸውን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ።

«ተው! አንተ ጽፈሃል፣ እኔ ላንብብ!»

አነበቡ፤ ፌርማታቸውን ጻፉ፤ ላኩ። «ተመዝግበዋል» ሲል፣ «እሰይ!» ብለው እልል አሉ። ርግቦቹ ሁሉ ተነሡ።

በኤሊያድ ልስቅበት ፈልጌ አቃተኝ። በስምንት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ከሐኪም ሐኪም፣ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ዕብራይስጡን ሲያስተረጉም ያደገ ልጅ ነው። አንዲት ቃል ቢዘል እናቱ ያልታዘዘላቸውን መድኃኒት ይውጡ ነበር። እንዲህ ያደገ ሰው ባሕሩንም ቢያስረዳ አይፈረድበትም።

ስንለያይ፣ «የአንተ አውቶቡስ ከወዲያ ማዶ...» ብሎ ጀመረና አፉን ያዘ።

«ታውቀዋለህ» አለኝ። «ከጠፋህ ግን ጥራኝ፤ አለሁ።»