የሌለንን መኪና ስለ መተው

ቅጽ የሚባል ወረቀት ቤት ሲገባ ሰው ይለወጣል። እኔ ይህን ያየሁት በእኛ ቤት ነው፤ በእናንተ ቤት ሌላ ከሆነ ይቅርታ፣ ግን አይመስለኝም። ቅጹ እርዳታ የሚያመጣ ከመሰለ ቤተሰቡ ባንድ ጊዜ ይበዛል፣ የሞቱት ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። ግብር የሚያመጣ ከመሰለ ደግሞ ሱቁ ሱቅ አይደለም፣ ላሚቱ የጎረቤት ናት፣ የቤቱ ቆርቆሮ ራሱ በውሰት ነው። እነዚህን ሁለቱን ሁሉም ያውቃቸዋል። እኔን ጉድ የሠራኝ ሦስተኛው ዓይነት ነው፦ የማይሰጥ፣ የማይወስድ፣ ግን ሰው የሚያየው ቅጽ።

ያን ቅጽ ወደ ቤት ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የሳይንስ አስተማሪያችን መምህር ቶሌራ፣ እያንዳንዱ ሰው የካርቦን አሻራ የሚባል ነገር እንዳለው ነገሩን። የምንሳፈርበት መኪና፣ የምናነደው ከሰል፣ የምንበላው ሥጋ፣ የምንሰካው ዕቃ፣ ሁሉም የራሱ ጭስ አለው፤ ያ ጭስ ሰማይ ላይ ተጠራቅሞ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናታል፣ እሷም ትሞቃለች። የሱሉልታን ልጅ «ምድር ትሞቃለች» ብሎ ማስፈራራት ግን ቀላል ሥራ ነው? ጠዋት ውርጭ እየረገጥን ነው የምንመጣው። «ትንሽ ብትሞቅ ምን አለበት» የሚል ሐሳብ በክፍሉ ውስጥ ሲዞር ይታየኝ ነበር። መምህሩም ሳይታያቸው አልቀረም። «ሙቀቱ ብቻውን አይመጣም፤ የዝናቡን ጊዜ ያዛባል። አምና በአጨዳ የዘነበውን ረሳችሁት?» ብለው ዝም አሰኙን። ያን ዝናብ የረሳ አልነበረም።

ከዚያ ውድድሩን ነገሩን። ቅጹን ከቤተሰብ ጋር ሞልተን እናመጣለን፤ በአንድ ወር ውስጥ አሻራውን ከሁሉ በላይ የቀነሰ ተማሪ በወላጆች ቀን በፀሐይ የሚሠራ መብራት ይሸለማል። መብራቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። እኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው ፈተና ጠብቆ ነው፤ የማጠናውም በአባዬ ሞባይል ነበር። አባዬ ስልክ በተደወለለት ቁጥር እኔ ከነሒሳቤ ጨለማ ውስጥ እቀራለሁ። አባዬ ደግሞ ሹፌር ነው፤ የሚደወልለት ብዙ ነው።

እናም ቅጹን በእርሳስ፣ በእውነት ሞላሁት። መኪና፦ የለም። ሥጋ፦ ለበዓል። ፍሪጅ፦ አለ፣ አይሠራም። አውሮፕላን፦ የለም። ያከራዩን ኦቦ ገመቹ ወተት ሊያደርሱ ሲመጡ ቅጹን አይተው «ኩን ማሊ?» አሉ፣ ምንድን ነው ይሄ ማለታቸው ነው። በግቢው ውስጥ ስንት ከብት እንዳለ የሚጠይቀው ቦታ ላይ ስንደርስ ምክንያቱን አስረዳኋቸው፤ የላም ሆድ የሚያወጣው ጋዝም ይቆጠራል አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ነው ያልኩት። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለት ነው፣ «የላም ፈስ ለመቁጠር የተላከ ሰው ካለ ራሱ መጥቶ ከኋላቸው ይቁም። ላሞቼን እንዳትጽፊ!» ብለው ጣሳቸውን ይዘው ወጡ።

እማዬ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ያየዋል? እኔም ሞኟ በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ሰሌዳ ላይ እንደሚለጠፍ ነገርኳት።

«ጽጌም ታየዋለች?»

ወይዘሮ ጽጌ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የግንባታ ዕቃ መደብር ባለቤት፣ የክፍል ጓደኛዬ የሳሮን እናት ናት። ከእማዬ ጋር ድሮ ልብስ ስፌት አብረው ተምረዋል። አንዷ መደብር ከፈተች፣ አንዷ ከመርፌዋ ጋር ቀረች። እማዬ ስለ እሷ ክፉ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ ስሟ ሲነሳ ብቻ የስፌት መኪናውን ጠንከር አድርጋ ትረግጠዋለች።

«ጽጌ ሰሌዳ ሥር ቆማ የእኔን ጓዳ ልታነብ? በይ እስክሪብቶ አምጪ!»

እማዬ ዋሸች አልልም። እማዬ አስተካከለች ነው የምለው። የአባዬ ቀጣሪ መኪና አንዳንዴ በራችን ላይ ያድራል፤ ስለዚህ መኪና አለ። ሥጋ፦ «ከጾም ውጪ በየቀኑ»፤ ጿሚ አለመባልን ደግሞ ከድህነት ይልቅ ትፈራዋለች። አክስቴ ለሥራ ዐረብ አገር ደርሳ ተመልሳለች፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ይበራል። ፍሪጁማ አለ፤ እውነት ነው፣ እንደ ቁም ሣጥን ነው የምንገለገልበት፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ የደንበኛ ጨርቅ፣ ታች ክርና ቁልፍ ይቀመጥበታል። ግን ቅጹ «አለ ወይስ የለም» ነው እንጂ «ውስጡ ምን አለ» አላለም። «እማዬ፣ መብራቱን እኮ እንዳላገኝ ነው» ብላት፣ «ገመናችንን ለመብራት ብለሽ ልታወጪው ነው?» አለችኝ። ፈረመች። ፊርማዋም ከወትሮው ሰፋ ያለ ነበር።

መምህር ቶሌራ ነጥባችንን ደምረው የእያንዳንዳችንን አሻራ በእግር ቅርጽ ሣሉት። የሌሎቹ የሕፃን እግር ያህላል። የእኔ አንድ ወረቀት አልበቃው ብሎ ሁለት ወረቀት ተጣብቆለት፣ አውራ ጣቱ ከሰሌዳው ውጪ ተንጠለጠለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ማኅሌት መሆኑ ቀርቶ ዶዘር ሆነ። ሠላሳ ስድስት ቁጥር ጫማ የማደርግ ዶዘር!

ከሁሉ ትንሹ እግር የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሳሮን። እናቷ ነጋዴ አይደለች፣ ቅጹን የግብር መስሏት «የለም፣ የለም፣ የለም» ብላ ነው የሞላችው። ያቺ በየጠዋቱ በመኪና የምትመጣ ልጅ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «ማሂዬ፣ በእግር ብትሄጂ እኮ ይቀንሳል» ብላ መከረችኝ። ምን ይባላል? በእግር መሄድን እኔን ሊያስተምሩኝ! እዚህ አገር እኮ ሰው ለመሮጥ እንጦጦን በመኪና አቋርጦ ሜዳችን ድረስ ይመጣል፤ ሮጦ፣ ውኃውን ጠጥቶ፣ ደከመኝ ብሎ በመኪናው ይመለሳል። እሱን ጤናማ ሰው ይሉታል። ከሜዳው ማዶ ደብተር ታቅፈን በእግራችን የምናልፈውን እኛን ግን ቀንሱ ይሉናል።

ይባስ ብሎ፣ ትልቁ አሻራ ያለው ተማሪ በየሳምንቱ የቀነሰውን በሚኒ ሚዲያ እንዲናገር ተወሰነ። ማይክ! ስሜ ሲጠራ አቤት ማለት የሚያቅተኝን ልጅ! ሁለት ቀን እህል አልበላ አለኝ። በመጨረሻ በጽሑፍ እንዳቀርብና ሌላ ልጅ እንዲያነብልኝ ለመንኩ፤ መምህሩ እሺ አሉ።

ወረቀቱ ፊት ብቻዬን ስቀመጥ አንድ ነገር ታየኝ። የሌለንን ነገር መተው የሚከብድ ነገር አይደለም። ደግሞም መዋሸት አያስፈልገኝም። በመጀመሪያው ሳምንት «ፍሪጃችን አልተሰካም» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው። በሁለተኛው ዐቢይ ጾም ገባ፤ «ሥጋ ትተናል» አልኩ። በሦስተኛው የአባዬ ቀጣሪ መኪናውን ወደ ራሱ ግቢ ወሰደ፤ «መኪናው ከእኛ ዘንድ ማደሩ ቀርቷል»። በአራተኛው «አክስቴ ዳግመኛ አውሮፕላን ላትሳፈር ምላለች»። አንባቢው ልጅ ዜና አንባቢ መሆን የሚመኝ ነው፤ «የተማሪ ማኅሌት ቤተሰብ ዛሬም ሌላ መሥዋዕትነት ከፍሏል!» እያለ ከራሱ ይጨምርበት ነበር። በየሳምንቱ እግሬ በመቀስ እየተቆረጠ አነሰ። በወሩ መጨረሻ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ አብልጦ የቀነሰ አንደኛ እኔ ሆንኩ።

የወላጆች ቀን በሰኔ ጭቃ መካከል ደረሰ። እማዬ ራሷ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ስለ ሽልማቱ እንጂ ስለ ምክንያቱ አልነገርኳትም። ወይዘሮ ጽጌ ፊት ለፊት ናት። መድረክ ላይ ወጣሁ፣ መብራቱን ተቀበልኩ፣ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ይሄኔ መምህር ቶሌራ ማይኩን ይዘው ማንበብ ጀመሩ። «ይህ ቤተሰብ መኪናውን ትቷል። ፍሪጁን ነቅሏል። ሥጋ አቁሟል።» እሳቸው ምስጋና ነው የሚያነቡት። ለእማዬ ግን የኪሳራ ማስታወቂያ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ ወደ ኋላ፣ ወደ እማዬ ዞራ፣ ከንፈሯን መጥጣ፣ «ውይ አስኩዬ፣ ምን ነካችሁ?» አለች።

እማዬ ተነሣች።

«መኪናው ጋራዥ ነው እንጂ አልተውነውም! ፍሪጁም ተሰክቷል፣ ሥጋውም ጾም ስለነበር ነው!»

መምህር ቶሌራ ግራ ገብቷቸው «ማኅሌት፣ እናትሽ የሚሉት እውነት ነው?» ብለው ማይኩን አፌ ሥር አደረጉልኝ። መብራቱን አየሁ። እማዬን አየሁ። ሁለት እጇን ቀሚሷ ላይ አጣምራ ቆማለች፤ ጽጌን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው፣ እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክ ተናገርኩ።

«አዎ፣ ጋራዥ ነው።»

ድምፄ ጥርት ብሎ እስከ አዳራሹ በር ተሰማ፣ እኔም ገረመኝ። መብራቱ ከደረቴ ላይ ተነሥቶ፣ ከእኔ ሌላ ይህ ነው የሚባል የቀነሰ ስላልነበረ፣ ትንሹ አሻራ ላላት ለሳሮን ተሰጠ።

ስንወጣ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ የመኪናዋን መስታወት ዝቅ አድርጋ፣ መብራቱን የታቀፈችው ሳሮን ከጎኗ ተቀምጣ፣ «አስኩ፣ መኪናችሁ ጋራዥ ከሆነ ግቡ ላድርሳችሁ» አለች። እማዬ ነጠላዋን አጣፋች። «አይ ጽግዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኛስ ለአየር ንብረቱ ብለን በእግራችን ነን።»

ቤት የደረስነው እስከ ጉልበታችን ጨቅይተን ነው። መብራት የለም። እማዬ የረጠበ ነጠላዋን አውልቃ ሰጠችኝ፣ እኔም በዳበሳ ሄጄ ፍሪጁን ከፍቼ የደረቀ ነጠላ ስፈልግላት ቆየሁ። ከግድግዳው ማዶ የኦቦ ገመቹ ሳል ተሰማ። እማዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጮኸችብኝ፦

«አንቺ! ዝጊው እንጂ፣ ቅዝቃዜው ወጥቶ አለቀ!»