በሞቴ የማይል ኮምፒውተር

በእኛ አገር የመጀመሪያው «አይ፣ ይቅርብኝ» መልስ አይደለም፤ ጉሮሮ መጠራረጊያ ነው። እውነተኛው መልስ የሚመጣው ከሦስተኛው «በሞቴ» በኋላ ነው። አጎቴ ከቡሬ ወዲያ ካለው አገራቸው ፍኖተ ሰላም ድረስ ይመጡና፣ ሆዳቸው እየጮኸ «ከቤት በልቼ ነው የወጣሁ» ብለው ይቀመጣሉ። ባለቤቴ እናኑ ትለምናቸዋለች፤ እምቢ ይላሉ። በሞቴ ትላለች፤ «ኧረ ልጄ አትድከሚ» ይላሉ። ሦስተኛው በሞቴ ሲመጣ ግን እጃቸውን ይታጠቡና፣ ትሪው ላይ ለእኔ የሚተርፍ ነገር አይገኝም። ታዲያ እኚህ ሰው ዋሹ ይባላል? ምን በወጣቸው! ይሉኝታ ነው እንጂ። ገና ሲጠሩት ብድግ የሚል ሰው ነው ነውረኛ።

እኔም በዚሁ ወግ አድጌ ነው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጥኩት።

የማስተምረው ከቡሬ ወዲያ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ነው፤ ጂኦግራፊ። እናኑና ሁለቱ ልጆቼ ግን ፍኖተ ሰላም ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ዓርብ በሚኒባስ መጥቼ እሑድ ከሰዓት የምመለስ የቅዳሜ ባል ሆኜ ቀረሁ። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ በር ላይ አይታኝ «እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል!» ብላ ስትጮህ አንጀቴ ቁርጥ አለ። ስለዚህ ከቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ባለ ትምህርት ቤት የምክትል ርእሰ መምህር ቦታ ክፍት ሆነ ሲባል፣ ለዚህ ሥራ ስለት ብሳል ማን ይፈርድብኛል?

ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው መምህር አስቻለ ነው፤ እዚያው ከተማ የሚኖር፣ ሲናገር እንኳ መሬት መሬት የሚያይ ሰው። የተባልነው ይህን ነው፦ የሥራ ዕቅዳችሁን በኮምፒውተር ጽፋችሁ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አምጡ፤ ከዚያ የወላጆች ኮሚቴ ያነጋግራችኋል።

ዕቅዴን በእጄ ጽፌ ጨርሼ፣ መተየብ ብቻ ቀርቶኝ፣ ለዚሁ አስፈቅጄ ሐሙስ ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን ብከፍት፣ የምጽፍበት ፕሮግራም «ፈቃድህ አልቋል» ብሎ ዘጋኝ። ሄደህ አታስተይብም ወይ እንዳትሉኝ። የምዝገባ ሰሞን ነውና የጽሕፈት አገልግሎት ቤቱ ሰልፍ አስፋልት ደርሷል። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ለምታስተምረው ለእናኑ የአክስት ልጅ፣ ለትርንጎ ደወልኩ።

ትርንጎ፣ ምን ችግር አለው ጋሼ፣ ነጻ ፕሮግራም አለ አለችኝ። በየአገሩ ያሉ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች በደቦ የጻፉት ነው፤ ውስጡም ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው አለች። ግራ ገባኝ። ደቦውን የጠራው ማን ነው? ጠላውንስ ማን ጠመቀ? ጠላ የሌለው ደቦ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ይህንኑ ብጠይቃት፣ ጋሼ ይልቅ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ይክፈቱና የምልዎትን ይጻፉ አለችኝ። አንዲት መስመር አስጽፋኝ ልታስተምር ወደ ክፍሏ ገባች።

መስመሯን ጻፍኩ። ጥቁሩ መስኮት ቃል በቃል ላይ እየደረደረ ቆየና፣ የጠራኸው ፕሮግራም ብቻውን አይመጣም አለኝ። ፊደል የሚስልለት ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ያኛው ደግሞ ያለ ሦስተኛው አይንቀሳቀስም። ሦስተኛው፣ ስሙን እንኳ ማንበብ ያቃተኝ፣ እሱም የራሱ ሰዎች አሉት። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት! መቼም ሙሽራ ያለ ሚዜ አይመጣም፤ ግን እኔ ሰርግ ጠራሁ እንዴ? አምስት ገጽ ልጽፍ ነው እኮ ያልኩት!

ከዚያ ጠየቀኝ። አሥራ አራቱም አብረው ይገባሉ፣ ልቀጥል? አዎ ካልህ አንዱን ፊደል፣ አይ ካልህ ሌላውን ንካ።

እዚህ ላይ አስተዳደጌ ቀደመኝ። ለእኔ አምስት ገጽ ብሎ አሥራ አራት ሸክም ሊሸከም የተነሣን ፍጡር፣ ገና በመጀመሪያ ጥያቄው «አዎ፣ ተሸከም» ይሉታል? «ኧረ አትቸገር» በሚል ቅን ልብ «አይ»ን ነካሁ።

«ተቋርጧል» አለና ዝም።

እንደገና እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ተቀየመኝ ይሆን? መስመሯን ደግሜ ብጽፍ ያንኑ ጥያቄ ያችኑ ቃል ሳይለውጥ ጠየቀኝ። ጎሽ፣ ለካ ወግ ያውቃል፤ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረው አልኩና በሁለተኛውም አይ አልኩ። ለሦስተኛው ደግሜ ጽፌ፣ አሁንስ እሺ ልል ጣቴን ሳነሣ፣ ኢንተርኔቱ ጥፍት!

ደንግጬ ትርንጎ ከክፍል እስክትወጣ ጠብቄ ደወልኩላት። ልቀጥል ሲልዎት ምን ብለው መለሱ አለችኝ። መጀመሪያማ አይ አልኩት አልኳት። ለምን አለች። ሲጠይቀኝ ወዲያው እሺ ልል ነው እንዴ አልኳት። ሳል እስኪይዛት ሳቀች። ስትረጋጋ እንዲህ አለችኝ፦ ጋሼ፣ ይኼ ነገር ይሉኝታ አያውቅም። አይ ካሉት አይ ነው። ሲጠየቁ ወዲያው አዎ ይበሉ።

ሰባት ሰዓት ላይ ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ጠየቀኝ፤ ጥያቄውን ሳይጨርስ «አዎ»ን ነካሁ። አሥራ አራቱም ተግተልትለው ገቡ። ለካ ሁለት ጊዜ ከደጅ ከመለስኳቸው ውስጥ አንዱ የአማርኛውን ፊደል የያዘው ኖሯል! ተየብኩ፣ ማተሚያ ካለው ጎረቤት አሳተምኩ፣ በጋሪና በባጃጅ መሀል ሮጬ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ደረስኩ። ስለቴን ለማስገባት ቀን እስከ መቁረጥ ደርሼ ነበር።

አምስት የኮሚቴው ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ዕቅዴ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንድ ቄስ፣ ጽሕፈቱማ እንደ ብራና ያምራል አሉ። ሰብሳቢው የእህል ነጋዴው አቶ ምንይችል ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ጀመሩ። መምህር፣ ኃላፊነቱ ከባድ ነው፤ እንዲያው ብንሰጥዎ...

«አዎ! እቀበላለሁ!» አልኩ።

ቄሱ ዕቅዴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መስቀላቸውን አዩ። ከወዲያ ጥግ አንዱ ሽማግሌ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሰውየው ቸኮለ እኮ አሉ። ሌላው፣ ሥልጣን ወዳድ ሳይሆን አይቀርም ሲሉ ሰማሁ። ውጭ ይቆዩ ተባልኩ።

አስቻለ ገባ። በበሩ ስንጥቅ እሰማለሁ። ኧረ እኔ አይገባኝም፣ ከእኔ የሚሻል ሞልቷል አለ። ለመኑት። አልችለውም አለ። ለመኑት። ቄሱ በሞቴ ሲሉ ጊዜ፣ እንግዲህ እናንተ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ ብሎ ጎንበስ አለ። ቦታው ተሰጥቶት ተመረቀ። ዕቅዱን በእጁ ጽፎ ነው ያመጣው፤ የጽሕፈት አገልግሎት ቤቱን ወረፋ ለሌላ ሰው ለቅቄ ነው አላቸው። እሱም ትሕትና ተብሎ ተቆጠረለት!

ቤት ገብቼ ለእናኑ ነገርኳት። ስድስት ዓመት የጠበቀች ሴት ምን ትበል? ትሪውን ይዛ፣ ራት ላቅርብ አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ አፌ ግን የለመደውን «አይ፣ አልራበኝም» አለ።

«እሺ» ብላ ትሪውን መለሰችው።

አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። ትንሿ ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ ትሪውን ስታይ ቆየችና ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ እንግዳውን በሞቴ አትይውም?» አለች።