ተማሪ ልንቀበል ወጥተን

እናንተ ዘንድ ሰው ስልክ ሲደውል መጀመሪያ ምን ይላል? «ደህና ናችሁ ወይ?» ይላል አይደል? የኔው ባል ግን «ግንቡ የት ደረሰ?» ነበር የሚለው። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ ከሳውዲ። ስለ ልጁ እንኳ የሚጠይቀኝ ስለ ግንቡ ጠይቆ ሲጨርስ ነው።

አትፍረዱበት፣ ምክንያት አለው። መካነ ሰላም ላይ ዩኒቨርሲቲ ሊሠራ ነው ሲባል ከተማው በእልልታ ቀለጠ። እኛም እልል ብለናል። ችካሉ ሲመታ ነው ቦታው የኛ የስንዴ ማሳ መሆኑን ያወቅነው። እልልታ ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስ። የቀበሌው ሰውዬ የባሌን የሰይድን ትከሻ መታ መታ አደረገና፣ ግቢው ሲከፈት የጥበቃው ሥራ ቅድሚያ ላንተ ነው አለው። ሰይድም አመነ። እስከዚያስ ምን እንበላለን? ያኔ ልጄ ሀያት ሆዴ ውስጥ ናት። «ተማሪዎቹ ሲገቡ እኔም እገባለሁ፣ አብሽሪ» አለኝና በየመን በኩል ሄደ።

ከዚያ በኋላ የኔ ሥራ ግንብ ማየት ሆነ። ሌላዋ ሴት የባሏን መምጫ በዒድ ትቆጥራለች፤ እኔ በብሎኬት። መጀመሪያ ትልቅ ሰሌዳ ተተከለ። የኔ ንባብ ዳገት ላይ እንዳለ አሮጌ መኪና ነው፣ እየቆመ ነው የሚሄደው። ቢሆንም ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሜ በስልክ አነበብኩለት። ደስ አለው። ቀጥሎ አጥር መጣ፣ ቀጥሎ ግድግዳ። ከዚያ ዝም። ተቋራጩ ጠፋ አሉ። ሲሚንቶ የለም አሉ። መንገዱን ዝናብ በላው አሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የኛው ሳይፈለፈል ስንት ክረምት አለፈበት።

ጣራ የሌለው ግንብ ውስጥ ፍየሎች ማደር ጀመሩ። ጎረቤታችን ሼህ ይማም አንዷ ፍየል በመስኮት አንገቷን ብቅ ስታደርግ አዩና፣ አልሃምዱሊላህ፣ የመጀመሪያዋ ተማሪ ገባች አሉ። ይህን ለሰይድ ብነግረው ሳቀ፣ ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሩስ ተገጠመ?» አለኝ። አልተገጠመም አልኩት። ሳውዲ ሩቅ መሆኑን የዚያን ቀን ነው ያወቅኩት።

በመጨረሻ ሌላ ተቋራጭ መጣ። ግንቡ ወለል ደረበ፣ ቆርቆሮ ለበሰ። ሀያትም በዚህ መሃል አፍ ፈታች፣ ሮጠች። አባቴ መቼ ነው የሚመጣው ስትለኝ በጣቴ ወደ ግንቡ እያሳየሁ፣ ተማሪዎቹ ሲገቡ እላታለሁ። ምን ልበላት?

በሩ የተገጠመ ሰሞን ሰይድ መደወል አቆመ። ሳውዲ ወረቀት የሌለውን ሁሉ እያፈሰች ነው የሚል ወሬ መጣ። ብደውል አንዲት ሴት በዐረብኛ ታወራለች። የምትለው አይገባኝም፤ ግን እስክትጨርስ አዳምጣታለሁ። ማን ያውቃል፣ መሃል ላይ ስሙን ትጠራው ይሆናል።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ተማሪዎቹ ሊገቡ ነው፣ ሕዝቡ ወጥቶ ይቀበል ተባለ። ዳቦ ተጋገረ። ሼህ ይማም ለዱአ፣ መርጌታ ጥበቡ ለምርቃት ከፊት ቆሙ። እኔም ሀያትን አዝዬ ወጣሁ። መቼም እኛ ወሎዎች እንግዳ ስንቀበል አናጣራም። መጀመሪያ እናጎርሳለን፣ ማን ነህ የምንለው ሲውጥ ነው።

በደሴ በኩል አውቶቡስ መጣና ቆመ። እልልታው ቀለጠ። የወረዱት ልጆች ግን ሻንጣ የላቸውም፣ የያዙት ፌስታል ነው። የሁሉም ነጠላ ጫማ አንድ ዓይነት ነው። የግቢው ዩኒፎርም ይሆናል ተባለ። አንደኛው ጢሙ ላይ ሽበት ጣል አድርጎበታል። መርጌታ ጠጋ ብለው፣ ትምህርት ዕድሜ አይገድበውም አሉን። የቀበሌው ሰውዬ ንግግሩን ጀመረ። ጠንክራችሁ ተማሩ፣ አገር እናንተን ነው የምትጠብቀው አላቸው። ዳቦውን እየጎረሱ ያለቅሳሉ። ቤታቸው ናፍቋቸው ነው አልን።

ሼህ ይማም ሽበታሙን «ምን ልትማር መጣህ፣ ልጄ?» አሉት።

«ኧረ አባ፣ እኔ የዚሁ የጎረቤታችሁ የወግዲ ሰው ነኝ። ከሳውዲ አባረውን ነው።»

እልልታው አንድ በአንድ ጠፋ። ሼሁ እጃቸው ላይ የቀረውን ዳቦ አዩ፣ ሰውየውን አዩ።

«በል ብላ፣ ልጄ» አሉት። «አንተስ ተምረህ ነው የመጣኸው።»

እኔ ይህን የሰማሁት ከሩቅ ነው። «ከሳውዲ» የሚለውን እንደሰማሁ የወረዱትን ሁሉ ፊት እያየሁ ሰይድን ፍለጋ ዞርኩ። የለም። ሽበታሙን ያዝኩት። ሰይድ የሚባል፣ የመካነ ሰላም ልጅ፣ አላየህም?

«ግንብ የሚያወራው ሰይድ?» አለኝ።

እሱ ነው አልኩት። ሳውዲ፣ ጂዛን የሚባል ከተማ እስር ቤት አብረው ነበሩ። አንድ ቀን ለሁለት ከፈሏቸው፤ እነሱን ወደ አውሮፕላን፣ የሰይድን ወገን ወደ ሌላ መኪና። መኪናው የት እንደሄደ ወላሂ አላውቅም አለኝ። ደግሞ «ግቢው ግን አለቀ እንዴ?» አለኝ። አልቋል አልኩት።

እውነተኞቹ ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ ገቡ። ዳቦው አልቋል፣ ድምፃችን በጠዋቱ እልልታ ዘግቷል። ሀያት ግን ከጀርባዬ ወርዳ ወንድ ወንዱን እየያዘች፣ አባቴ አንተ ነህ ትላለች። ቃሌን ይዛብኛለች። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ መሳቃቸውን ተዉ። አንድ ረጅም የጋምቤላ ልጅ ቁጢጥ ብሎ ስሟን ጠየቃት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው በር ላይ ሲያገኛት እጇን ይዞ መንገዱን ያሻግራታል።

ግቢውማ አደገ። መኝታ ቤት ተጨመረ፣ መብራት ከሩቅ ይታያል። ለጥበቃው ሥራ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ይፈለጋል ተባለ። ሰይድ ቢመጣም አይቀጠርም ማለት ነው፤ እሱ ይምጣ እንጂ። የተማረ ይግደለኝ ይላል ያገራችን ሰው። የሼህ ይማም የልጅ ልጅ ሌላ ከተማ ተምራ በዲግሪ ተመርቃ መጣች። ቤት ተቀምጣ ተቀምጣ፣ አሁን ቤሩት ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታለች።

ሰኔ ላይ ተማሪዎቹ ለእረፍት ሲሄዱ መንገድ ዳር ቆመን አየናቸው። የጋምቤላው ልጅ ሻንጣውን አውቶቡስ ላይ ሰቅሎ ለሀያት እጁን አወዛወዘ። እሷ እጇን አላነሳችም።

«እማ፣ እነሱም ሳውዲ ሊሄዱ ነው?»

«ኧረ ገና ናቸው» አልኳት። «መጀመሪያ ተምረው ይጨርሱ።»