የቂርቆሱ ፈታኝ ጋሽ አረጋዊ

አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር የለም። ለአንዱ ሰፈር የማባዛት ሠንጠረዥ የሚጠይቅ ይደርሰዋል፤ ለሌላው የአፍሪካን ዋና ከተሞች። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ለምንኖረው ለእኛ የደረሱን ክቡር ፈታኛችን ጋሽ አረጋዊ ናቸው። የሚጠይቁት ግስ ነው።

"'ሄደ'ን በሌላ ግስ" ይላሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። ልጁ "ተጓዘ" ሲል አንገታቸውን ዘመም አድርገው "ሌላስ?" "ነጎደ።" "ሌላስ?" ልጁ የሚያውቀውን ካልጨረሰ አይለቁትም። ከጨረሰም አይለቁትም፤ ያኔ ነው ትምህርቱ የሚጀመረው።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ስምንት ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የሚያርሙት ወረቀት ስላጡ ሰውን ያርማሉ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ "አቶ እገሌ ስለሞቱ" ብሎ ሲጀምር ከወንበራቸው ተነሡ። "ሰው ያርፋል፣ ያሸልባል፣ በሞት ይለያል። አንዱን ምረጥ" አሉት። የሟቹ ሚስት ከነጠላቸው ቀና ብለው "አረፈ ይበል" አሉና ወደ ለቅሷቸው ተመለሱ።

እኔ ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ማታ ደክሞኝ ስመለስ እሳቸውን ላለማግኘት በከሰል ሻጮቹ በኩል እዞራለሁ። አንድ ቀን እዚያው ጭቃ ላይ ጠበቁኝ።

"ሰገን፣ 'ሸሸ'ን በሌላ ግስ።"

"ቸኮልኩ፣ ጋሼ።"

"'ቸኮለ' አይሆንም። 'ሸሸ' ነው ያልኩሽ።"

ልጄን ልዩን ዳቦ ስልካት ከአርባ ደቂቃ በኋላ የቀዘቀዘ ዳቦና ለ"ተናደደ" ስድስት ተመሳሳይ ይዛ መጣች። ተቆጣ፣ በገነ፣ ጦፈ፣ አረረ፣ ተንጨረጨረ። ስድስተኛውን ሳልሰማት ራሴ ደረስኩበት።

እንግዲህ የእኚህ ሰው ደጅ ነው በራሴ እግር ሄጄ የቆምኩት።

ልዩ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል አርባ ልጆችን በፈተና መርጦ ያለ ክፍያ ያስተምራል። የሚያስገባው በዘጠነኛ ብቻ ነው፤ ያመለጠው አመለጠው። እኔና ልጄ ሁለታችን ብቻ ነን፣ ከዚያ በር ሌላ የማንኳኳው አልነበረኝም። ከአማርኛው ፈተና ግማሹ ደግሞ ለግስ ተመሳሳይ መፈለግ ነው።

ጋሽ አረጋዊ ጥያቄዬን ሰምተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ኮት ለብሰው ከረባት አስረዋል። "ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትምጣ" አሉ። ከዚያ ለአራት ወር ያለ ኮትና ከረባት አንድ ቀን አላስተማሯትም። ሰኔ ላይ ጣራቸው ሲያፈስ ጠረጴዛውን ከጥግ ጥግ እየጎተቱ አስተማሯት። ሳል ይዟቸው በሰነበቱ ጊዜም ከረባቱ አልጋ ውስጥ አንገታቸው ላይ ነበር። ልዩ በመጨረሻ ሬዲዮ ስትሰማ ጋዜጠኛውን ማረም ጀመረች። ነገሩ እንደሚጋባ ያን ጊዜ ገባኝ።

ውጤቱ ነሐሴ ላይ ተለጠፈ። የማለፊያው ነጥብ ሰባ አምስት፤ የልዩ ሰባ አራት።

ወረቀቷን ለማየት አመለከትኩ፤ አሳዩኝ። በግሱ ክፍል የሳተችው አንድ ብቻ ነው። "ዲያቆኑ ሳያውቅ ገደፈ" ይላል። ሀ፣ አነበበ። ለ፣ ዘለለ። ሐ፣ ጾም ሻረ። መ፣ ዘመረ። ልዩ "ለ"ን አክብባለች። የነሱ መልስ "ሐ" ነው።

"'ለ'ም እኮ ያስኬዳል" አልኳቸው።

"እኛ የምናርመው በመልሱ ወረቀት ነው" አለኝ ወረቀቱን ያሳየኝ ሰውዬ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠ።

"'ገደፈ' ዘለለ ማለት እንደሆነ ማን ነገረሽ?" አልኳት ልዩን፣ ቤት ስገባ።

"ጋሽ አረጋዊ። ፊደል ገደፈ ማለት ፊደል ዘለለ ማለት ነው አሉኝ።"

በማግስቱ ጋሽ አረጋዊን ከቂርቆስ ደጅ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ አገኘኋቸው። ሰው ሁሉ እየሰማ "ልጄን ያስቀሯት እርስዎ ነዎት! በቃ፣ ደስ ይበልዎት!" አልኳቸው። ጥያቄውን ነገርኳቸው። በትራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ቀን ተናግሬ የረካሁ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በዝናብ መጡ። ከረባቱ ረጥቧል። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። እኔን አልፈው ልጄን ነው ያናገሩት።

"ልዩ፣ 'ገደፈ' ጾም ሻረም ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ፊደል የተገደፈበት ወረቀት ሳርም ኖርኩ። በእናቴ ቋንቋ በትግርኛ ደግሞ 'ተወ' ማለት ነው። ከሁለቱ አላለፍኩም። ጾም ገድፌ ስለማላውቅ ይሆናል፣ ሦስተኛው ትዝ ሳይለኝ ቀረ። አጠፋሁ።"

"ምንም አይደል ጋሼ፤ እኔም 'ሐ'ን አይቼ ነው ያለፍኩት" አለች።

"የለም። አራሚ ያሳለፈው ስህተት የጸሐፊው አይባልም።"

ይህን ብለው ወጡ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጅ መጠየቅ ተዉ። ልጆቹ መጀመሪያ እየሮጡ ነበር የሚያልፏቸው፤ ቀጥሎ እየቆዩ ያልፉ ጀመር፤ በመጨረሻ አንዷ ፊታቸው ቆማ ጠበቀች። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። እኔም በከሰል ሻጮቹ በኩል መዞር አቆምኩ። ከሥራ ስመለስ ሆን ብዬ በደጃቸው አልፋለሁ። "እንደምን አመሸሽ" ይሉኛል፣ እንደማንኛውም ሰው። በቃ።

ኅዳር ላይ የእሳቸው ረድፍ ቤቶች እንዲነሡ ተወሰነ። የእኛ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ቀረ። ዕቃቸው ከአንድ አይሱዙ ግማሹን እንኳን አልሞላም። ልዩ መጻሕፍቱን ስታቀብል፣ እኔ ፍራሹን ስይዝ፣ አመስግነውን ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ቤቱ በሁለት ቀን ፈረሰ።

ጥር ላይ ከለገሃር ሁለት አውቶቡስ ቀያይረን ሄድን። ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ጋቢ ለብሰው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። መጻሕፍቱ ከነማዳበሪያው እንደታሰሩ ናቸው። ያደረውን ይቅርታ እዚያ ጠየቅኳቸው። "ትክክል ነበርሽ እኮ" አሉኝ፤ ያ ደግሞ ከስድብ ባሰብኝ።

"ልጆች የሉም እዚህ?"

"ሞልተዋል። ደረጃው ላይ ሲሮጡ እሰማለሁ።"

"ታዲያ አይጠይቋቸውም?"

"በልጅ ላይ መሳሳት አንዴ ይበቃል፣ ሰገን።"

ስኳር ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ልዩ ከኋላዬ መጣች። ከምድር ቤት ጀምረን የሕንፃውን በር ሁሉ አንኳኳን። "ጎረቤታችሁ ግስ ያስተምራሉ፤ ለመግቢያ ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ አላችሁ?" አንዳንዱ በሩን በግማሽ ከፍቶ ዘጋው። አንዱ ሃይማኖት የምንሰብክ መስሎት ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብርነሽ የምትባል እናት ልጇን ከጀርባዋ ይዛ አፍጥጣ አየችን።

"ጎበዝ ናቸው? ማለቴ፣ የሚያስተምሩት ትክክል ነው?"

ልዩ እኔን አየችኝ።

"በዕድሜያቸው አንድ ቃል ነው የሳቱት" አልኳት። "እሱንም በኔ ልጅ ጨርሰውታል።"